ገብሱ ለጠላ፣ ቡናው ለጀበና

በጦር ሰፈር ኑሮ ከመለከት ድምፅ ቀጥሎ ሰውን የሚሰበስብ ነገር ቢኖር የሙቀጫ ድምፅ ነው። ከሰዓት በኋላ ከአንዱ ቤት ዘነዘና ሲሰማና የሚቆላ ቡና ሽታ አጥር ተሻግሮ ሲያውድ፣ ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣል፤ ልጆች ሲኒ ለመዋስ ይላላካሉ፤ ባለቤቷ በግዳጅ ላይ ያለ እናትም ለጥቂት ጊዜ ብቸኝነቷን ትረሳለች። ይሁን እንጂ የወሩ ደመወዝ ማለቂያው ሲቃረብ ይህ ድምፅ በቤተሰብ ሰፈራችን እየሳሳ መምጣቱን ታዝበናል። ምክንያቱን ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ቡና ተወደደ!»

ስለሆነም በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ በአነስተኛ ገንዘብ ጥሩ ቡና እንዴት ይገኛል?

ስለ ሌላው ከመናገራችን በፊት የራሳችንን ስሕተት እንናዘዝ። ባለፈው ዓመት እናታችን ከአገር ቤት ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ፣ ወሩ ተገባዶ ስለ ነበር፣ በወረቀት የተቋጠረ ርካሽ የተፈጨ ቡና ከአንድ ሱቅ ገዝተን አቀረብንላት። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፤ ዕጣኑ ይጨሳል፤ የጎደለ ነገር ያለ አልመሰለንም። እናታችን አቦሉን አንድ ጊዜ ፉት አለችና ሲኒውን ቀስ ብላ ረከቦቱ ላይ መለሰች። «ልጄ፣» አለች፤ «ይህ ገብስ ለጠላ ቢሆን ይሻለው ነበር።» በማግሥቱ ማልዳ ተነሥታ «ገበያችሁ ወዴት ነው?» ስትል ጠየቀችን። ከዚህ በታች የምናቀርበው ምክር በአብዛኛው በዚያች ዕለት የተማርነው ነው።

በቅድሚያ ግን የቡና ዋጋ ለምን እንደሚንር ጥቂት ማለት ይገባል። አገራችን ከምታመርተው ቡና ግማሽ የሚጠጋውን ራሷ ብትጠጣም፣ ዋጋው ከዓለም ገበያ ጋር የተሳሰረ ነው። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በብራዚል የፓራና ክፍለ ሀገር የወረደው ውርጭ የቡናውን ተክል ስላጨደው፣ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት ዋጋው በዓለም ዙሪያ ሰማይ ነካ። በዚህም ሳቢያ በጎርጎርዮሳዊው 1977 የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት 51 በመቶው ብቻ ቡና የሆነ፣ የቀረው ግን የተቆላ እህልና የመሳሰለው የሆነ ድብልቅ ለሕዝቡ አቀረበ። ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ ድብልቁም ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ወጣ። በቅርቡም በየካቲት 2017 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ገበያ የዓረቢካ ቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። የብራዚልን ውርጭና የኒው ዮርክን ገበያ ከዚህ ሆነን ልናዝዛቸው አንችልም። በእጃችን ያለው መምረጥ፣ መጠበቅና መተባበር ነው።

የመጀመሪያው ደንብ ቡናን በጥሬው መግዛት ነው። የተፈጨ ቡና ውስጥ ምን እንደ ገባ ዓይን አይለየውም፤ ገብስም ይሁን ሽምብራ፣ ከጠቆረ በኋላ ቡና ይመስላል። አጥቁሮ መቁላትም የመጥፎ ፍሬን ጉድ ይሸፍናል። ጥሬ ቡና ግን አይዋሽም። እናታችን ነጋዴው ከላይ ያሳያትን ትታ እጇን ወደ ጆንያው ጥልቅ አድርጋ ከሥር አንድ እፍኝ አወጣች፤ በመዳፏ ላይ በትና አየችው፤ አሸተተችው፤ አንዷንም ፍሬ በጥርሷ ሞከረቻት። ጥቁር ፍሬ፣ ነቀዝ የበሳው፣ የተሰባበረና የነጣ ፍሬ የበዛበትን ተወችው። የሻገተ ወይም የኮመጠጠ ሽታ ያለውንማ እንዲያው በርካሽ እንኳ የሚነካ አይደለም፤ ጥቂት የሻገቱ ፍሬዎች የጀበናውን ሙሉ ጣዕም ያበላሻሉና። ጥርስ ሲያርፍበት የሚለሰልስ ፍሬ በደንብ ያልደረቀ ነው። በወጉ የደረቀ ጥሬ ቡና የሚይዘው እርጥበት ከ10 እስከ 12 በመቶ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው በቡና ዋጋ የተገዛ ውኃ ነው።

ሁለተኛው ደንብ ሒሳብ ነው። ለምሳሌ ያህል አንዱ ነጋዴ ኪሎውን 360 ብር፣ ሌላው 400 ብር ይጥሩት እንበል። ርካሹ በሰፌድ ሲለቀም 150 ግራም ጠጠር፣ ገለፈትና መጥፎ ፍሬ ቢወጣው፣ የሚጠጣው ቡና በኪሎ 423 ብር ገደማ ወጣበት ማለት ነው። ከውዱ የሚወጣው 20 ግራም ብቻ ቢሆን ግን ዋጋው 408 ብር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ርካሽ የተባለው በ15 ብር በልጦ ተገኘ። በዚህም ላይ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል እንደሚያጣ መዘንጋት የለበትም፤ አንድ ኪሎ የተቆላ ቡናን ከአንድ ኪሎ ጥሬ ጋር የሚያወዳድር ሰው ይህን ማስላት አለበት።

ሦስተኛው፣ በስም አለመታለል ነው። የይርጋ ጨፌና የሲዳማ የታጠበ ቡና በአበባ መሰል መዓዛው፣ የሐረር ቡና በልዩ ቃናው ዓለም ያውቃቸዋል፤ ዋጋቸውም እንደ ስማቸው ነው። ለጀበና ግን የግድ የታጠበ ቡና አያስፈልግም። ከነገለፈቱ በፀሐይ የደረቀ የጅማ ወይም የወለጋ ቡና በጥንቃቄ ከተለቀመ እንግዳ አያሳፍርም። ጦሩ የሰፈረበት አካባቢ ቡና አብቃይ ከሆነ ደግሞ ከሩቅ የመጣውን ከመሻት የአካባቢውን መግዛት ይመረጣል።

አራተኛው፣ ወቅትን ጠብቆ በኅብረት መግዛት ነው። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ቡና ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል፤ ከጥር በኋላ አዲሱ ምርት ወደ ገበያ ይገባል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ሰባት ቤተሰቦች የደመወዝ ዕለት እንደ ዕቁብ አዋጥተው አንድ ፈረሱላ በጅምላ ቢገዙ፣ ለእያንዳንዳቸው ከ2 ኪሎ በላይ ይደርሳቸዋል፤ በየቀኑ በጣሳ ሲሸምቱ ለቸርቻሪው የሚከፍሉትም ትርፍ በኪሳቸው ይቀራል።

ከገበያ በመልካም የተገዛው ቡና በቤት እንዳይባክንም መጠንቀቅ ያሻል። ጥሬው በደረቅ ሥፍራ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከላምባ፣ ከሳሙናና ከበርበሬ ርቆ ይቀመጥ፤ ቡና የጎረቤቱን ሽታ ይወስዳልና። የሚቆላው ለዕለቱ የሚበቃ ብቻ ይሁን፤ ጥሬው ለወራት ሲቆይ፣ የተቆላው በሳምንታት፣ የተወቀጠው ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ መዓዛውን ያጣል። በመካከለኛ እሳት፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ፣ ተንጣጥቶ እኩል እስኪጠይም መቁላት ይበቃል፤ ያረረ ቡና የከሰል እንጂ የቡና ጣዕም የለውም።

ይህን ሁሉ ስለ አፍ ጣዕም ብቻ ብለን አልጻፍነውም። ባሏ በግዳጅ ላይ የነበረ አንዲት የሰፈራችን እናት ለሁለት ሳምንት ያህል ጀበናዋ ዝም አለ። ጎረቤቶቿ «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» ብለው አለፉ። ልጇ በትኩሳት እንደ ተኛባት የታወቀው፣ አንዷ ጎረቤት ቡና ጠጪ ልትላት በሄደች ጊዜ ነው። እናቲቱ ወደ ሰው ቤት መሄድ የተወችው በተራዋ የምትጠራበት ቡና ስላልነበራት መሆኑን ኋላ ተናገረች። ልጁ ሕክምና አግኝቶ ድኗል። ከዚያ ወዲህ የእነዚያ ቤቶች ቡና የሚገዛው በመዋጮ ሆነ፤ ባሏ በግዳጅ ላይ ያለ ሴት ድርሻ ግን ሳይጠየቅ ይለካል።

እናታችንም ወደ አገር ቤት ከመመለሷ በፊት ራሷ መርጣ የገዛችውን ቡና ቆልታ፣ ሰፈርተኛውን ጠርታ አጠጣች። በረካው ተጠጥቶ ምርቃቱ ካበቃ በኋላ ወደ እኛ ዘወር ብላ «አያችሁ፣» አለች፤ «ገንዘቡስ ያው የትናንቱ ነው።»

እንግዲህ የፊታችን የደመወዝ ዕለት ወደ ገበያ ስትወጡ፣ እጃችሁን ወደ ጆንያው ሥር መስደድን አትርሱ። ስትመለሱም በመንገዳችሁ ላይ ጀበናው ዝም ያለበት ቤት ካለ በሩን አንኳኩ።