የሐዋሳ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ትምህርት ቤታቸው በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ስለሚለኩበት መንገድ

የዚህ ጽሑፍ አሳብ በሐዋሳ ከተማ የሚገኙ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ትምህርት ቤታቸው በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በገዛ እጃቸው ለክተው እንዴት ሊቀንሱት እንደሚችሉ ማስረዳት ነው።

ነገሩ በሐዋሳ ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። የሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፣ ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃው በፀሐይ ይተንናል፤ ጭቃውና ፕላስቲኩ ግን አብረው አይተኑም። እንግዲህ የክረምት ጎርፍ ከግቢ ጠርጎ በቦይ የወሰደው ፌስታል ሐይቁ ከደረሰ በኋላ የሚያልፍበት በር የለውም። በአሞራ ገደል የሚሸጠው ቆሮሶና አምባዛም የሚወጣው ከዚሁ ውሃ ነው።

ስለዚህ ሥራው ከቦዩ ቢጀመር ይሻላል። ዝናብ ሲጥል ከግቢው የሚወጣውን ውሃ በጠርሙስ ቀድተው ሳይነካ ቢያሳድሩት፣ በማግስቱ ከሥሩ የረጋውን አፈር በማስመሪያ ለመለካት ይቻላል። የአንድ ቀን ዝናብ ከሌላው ስለሚለይ ልኬቱ በብዙ ቀን ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰድ። ከዚያም የተራቆተው መሬት ሣር ይልበስና በሚመጣው ክረምት እንደገና ይለካ። (ልጆቹ ቦዩን እስከ ሐይቁ ዳር መከተል አይገባቸውም፤ ጉማሬ ለምርምር ነው ቢሉት አይሰማም።)

የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ቢኖር ሩብ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ከሥሩ ይቀመጥ። በ15 ደቂቃ ከሞላ በሰዓት 1 ሊትር፣ በአንድ ቀንና ሌሊት 24 ሊትር ፈሰሰ ማለት ነው፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ይተርፋል። ስሌቱን የ4ኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል።

ቆሻሻውም አንድ ሳምንት ሙሉ ወረቀቱ፣ የምግብ ትርፉና ቅጠሉ፣ ፕላስቲኩ ለየብቻ ይመዘን። ስባሪ ጠርሙስና መርፌ ግን ልጅ አይንካ። የሚበሰብሰው በጉድጓድ ተከማችቶ ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ይሆናል። ፕላስቲክ ሲቃጠል መርዛም ጭስ ስለሚያወጣ፣ መፍትሔው ምሳን በፌስታል ፈንታ በምሳ ዕቃ ማምጣት ነው።

የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ችግኝ መትከል ተለምዷል። በእኔ አስተያየት ከተከላው ቀን ይልቅ ቆጠራው ያስተምራል፤ ከሦስት ወር በኋላ ከተተከለው ስንቱ በሕይወት አለ?

አንዳንድ አስተማሪዎች ግቢ ማስጠረግን የአካባቢ ትምህርት አድርገው ያዩታል። መጥረጊያ የያዘ ልጅ ቆሻሻው ከየት እንደመጣ ካልጠየቀ የተሠራው ጽዳት ብቻ ነው። ለክቶ ያመጣው ቁጥር ሰሚ ካጣ ደግሞ የሚማረው መለካት ከንቱ መሆኑን ነው። ስለዚህ ልኬቱ ሳይጀመር ርእሰ መምህሩ ለቧንቧ ጎማ የሚበቃ ገንዘብ ይመድብ፤ ጎማው በተለወጠ ማግስትም ልጆቹ ኩባያውን በዚያው ቧንቧ ሥር መልሰው ያስቀምጡ።