ተረትና እውነታ፦ ጋይሮፕላን፣ ከባድ አብራሪና የአዲስ አበባ ከፍታ

ጋይሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው በተገጠመ ፕሮፔለር እየተገፋ ወደ ፊት የሚሄድ፣ ሮተር የሚባለው ከላይ ያለው ተሽከርካሪ ክንፉ ደግሞ ከሥር በሚመጣበት ነፋስ ብቻ እየዞረ አየር ላይ የሚይዘው ቀላል አውሮፕላን ነው። ስፔናዊው መሐንዲስ ሁዋን ዴ ላ ሲዬርቫ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1923 ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ ከበረረ ወዲህ ብዙ የተሳሳተ ነገር የተነገረለት ሲሆን፣ ከሁሉም የከፋ ጉዳት ያለው «ሰውነቱ የገዘፈ አብራሪ ጉልበታም ሞተር እስካለው ድረስ ክብደቱ ሊያሳስበው አይገባም» የሚለው እምነት ነው።

እምነቱ ከእውነት ፈጽሞ የራቀ አይደለም። ለምሳሌ የአዲስ አበባው ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስበት ቀን በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ 100 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ተራ ሞተር እዚህ የሚሰጠው 70 ገደማ ብቻ ነው። በክፍለ ከተማው አቅራቢያ ላለው ኦልድ ኤርፖርት ሰፈር ስሙን ያወረሰው የልደታ አየር ማረፊያ ለጄት አውሮፕላኖች አልበቃ ብሎ በቦሌ እስከ 3.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ማኮብኮቢያ ያስፈለገውም በከፊል በዚሁ የአየር መሳሳት ምክንያት ነው። እንደ ሮታክስ 914 ያለ፣ ቱርቦ በተባለው መሣሪያ አየሩን አምቆ የሚስብ ሞተር ጉልበቱን በዚህ ከፍታ ይዞ ስለሚቆይ፣ ለከባድ አብራሪ መመረጡ ተገቢ ነው።

ስሕተቱ የሚጀምረው ጉልበት ሚዛንን ይተካል ተብሎ ሲታሰብ ነው። ሞተሩ በበረታ ቁጥር ትልቅ ፕሮፔለር ይፈልጋል፤ ትልቅ ፕሮፔለር ከታች ያለውን የአውሮፕላኑን አጥንት እንዳይመታ ከፍ ተደርጎ ሲገጠም የግፊት መስመሩ፣ ማለትም ፕሮፔለሩ የሚገፋበት አቅጣጫ፣ አብሮ ከፍ ይላል። ዝቅ ባለ መቀመጫ ላይ የተቀመጠ ከባድ አብራሪ ደግሞ የስበት ማዕከሉን፣ ማለትም የጠቅላላው ክብደት ሚዛን የሚያርፍበትን ነጥብ፣ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ በዚህም የሁለቱ ርቀት ከሁለት ወገን ይሰፋል። ነፋስ ሲያናውጥ ወይም አብራሪው የመንጃ ዘንጉን በድንገት ወደ ፊት ሲገፋው ሮተሩ ለቅጽበት ጭነቱን ይለቃል፤ ያን ጊዜ ፕሮፔለሩ ጋይሮፕላኑን ከላይኛው ጫፉ እንደተገፋ ቁም ሳጥን በአፍንጫው ይደፋዋል፤ ነፋስ ያጣው ሮተርም ዙሩ ስለሚሞት አብራሪው የሚያድንበት ጊዜ አያገኝም። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለብሪታንያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ባካሄዱት ጥናት፣ በግፊት መስመሩና በስበት ማዕከሉ መካከል ያለው ልዩነት ከ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ መክረዋል። ይህን አደጋ እያወቀ «ሞተሩ ማንንም ያነሳል» እያለ የሚሸጥ ሰው የገዢውን ሕይወት አሳልፎ እየሰጠ ነው።

ስለዚህም ለሁሉም የሚሠራ አንድ የኪሎ ወሰን ማስቀመጥ አይቻልም፤ እኩል 120 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች እንኳ፣ አንዱ ረጅም ሌላው አጭርና ወፍራም ከሆነ፣ የስበት ማዕከሉን በተለያየ ቦታ ያሳርፉታል። ትክክለኛው መለኪያ የማንጠልጠል ፍተሻ ነው፤ ይኸውም አብራሪው ተሳፍሮ፣ ነዳጅም ተሞልቶ፣ ጋይሮፕላኑን በሮተሩ ማሰሪያ አንጠልጥሎ አፍንጫው ያዘነበለበትን ማዕዘን አምራቹ ከወሰነው ጋር ማስተያየት ሲሆን፣ ማንጠልጠያ ነጥቡን እየለወጡ ሲደግሙት የስበት ማዕከሉ ከፍታም ይታወቃል።

ሮተሩም በጉልበታም ሞተር አይታለፍም። ክብደት ሲጨምርም ሆነ አየር ሲሳሳ ሮተሩ ፈጥኖ ይዞራል፤ በአዲስ አበባ የአየሩ መሳሳት ብቻውን ዙሩን ከባሕር ጠለሉ በ15 በመቶ ያህል ስለሚያፈጥነው፣ የከባድ አብራሪ ጭነት ሲታከልበት አምራቹ ከፈቀደው ወሰን ጋር ያለው ልዩነት ይጠባል።

ሌሎቹ እምነቶች በአጭሩ ይታረማሉ። «ሞተሩ ቢጠፋም አይወድቅም» የሚባለው እውነትነት ያለው ሮተሩ ነፋስ እስካላጣና ከሥሩ የሚያርፍበት ሜዳ እስካለ ድረስ ነው፤ ቤት በቤት ላይ በተደራረበበት በኮልፌ ሰማይ ግን ያ ሜዳ የለም። «ባለ ሁለት መቀመጫ ከሆነ ለማንም ይበቃል» የሚለው በሒሳብ ይፈርሳል፦ ጠቅላላ የመነሻ ክብደቱ 450፣ ባዶ ክብደቱ 250 ኪሎ የሆነ ጋይሮፕላን 120 ኪሎ የሚመዝን አብራሪና 50 ኪሎ ነዳጅ ከጫነ የሚተርፈው 30 ኪሎ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ መቀመጫም የራሱ ወሰን አለው። «መቀመጫው ከያዘኝ ይበቃኛል» የሚለውም አያዋጣም፤ ለማረፍ የመንጃ ዘንጉን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ መሳብ ስለሚያስፈልግ፣ ሆድ ወይም ጭን የሚያግደው ከሆነ ያ ጋይሮፕላን ለዚያ ሰው አልተሠራም።

በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ማስመዝገብና ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ከመሆኑም በላይ ከግዢ በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው። ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት በራሱ ክብደት የተደረገ የማንጠልጠል ፍተሻ ውጤት፣ የግፊት መስመሩና የስበት ማዕከሉ ልዩነት፣ እንዲሁም በሞቃት ቀን የኮልፌን አየር በሚመስለው በ3,000 ሜትር የአየር ስስነት የተሰላ የመነሻ ርቀት በጽሑፍ ሊቀርቡለት ይገባል፤ እነዚህን ሦስቱን ማቅረብ የማይችል ሻጭ ስለ ሞተሩ ጉልበት የሚናገረው ሁሉ ለውሳኔ አይበቃም።