ከድንኳን ወደ ግንብ፦ የጎንደር ከተማ ትውውቅ

«ከተማ» የሚለው ቃል ዛሬ ቤትና መንገድ፣ ገበያና አደባባይ ያለበትን ቋሚ መኖሪያ የሚያመለክት ቢሆንም፣ በቀደሙት ዜና መዋዕሎች ውስጥ ግን በአብዛኛው የሚገኘው ንጉሡ ከነሠራዊቱ ያረፈበት፣ ድንኳን የተተከለበት ሰፈር በሚል ፍች ነው፤ «ከተመ» ማለትም ሰፈረ ማለት ነው። ነገሥታቱ ለዘመቻም፣ ግብር ለመሰብሰብም፣ የአካባቢው ማገዶና ስንቅ ሲመናመን ሌላ ቦታ ለመፈለግም ይንቀሳቀሱ ስለነበር፣ ቤተ መንግሥቱ ከእነርሱ ጋር ይነሣና ከእነርሱ ጋር ይሰፍር ነበር። ይህን ለዘመናት የኖረ ልማድ ከሁሉ ይበልጥ የገታችው፣ ዐፄ ፋሲል (1632–1667) በ1636 እንደ መሠረቷት የሚነገርላት ጎንደር ናት፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዪቱ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ፣ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል በተዘረጋ ኮረብታ ላይ ተቀምጣለች። ግንብ መሥራት ግን በፋሲል አልተጀመረም። በእንፍራዝ አቅራቢያ የሚገኘው የጉዛራ ግንብ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ሥራ እንደ ሆነ ሲነገር፣ የፋሲል አባት ዐፄ ሱስንዮስም በደንቀዝና በጎርጎራ አስገንብተዋል። ጎንደርን ከእነዚህ የሚለያት ነገሥታቱ እየተተካኩ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በአንድ ቅጥር ውስጥ፣ አንዱ ከሌላው ግንብ አጠገብ እየገነቡ መኖራቸው ነው።

ይህ ቅጥር ፋሲል ግቢ ይባላል። 900 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የድንጋይ አጥር ይከበዋል፤ ዩኔስኮም ግቢውን ከተዛማጅ ቅርሶቹ ጋር በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ ቸኩሎ ወደ ግንቦቹ ቢያልፍም፣ የግቢውን ሥርዓት ከሁሉ አብልጠው የሚናገሩት 12ቱ በሮች ናቸው። በወምበር በር የሚገቡት ዳኞች ነበሩ፤ «ወምበር» በጥንቱ አነጋገር የፍርድ መቀመጫም፣ በእርሱ ላይ የሚቀመጠው ዳኛም ነውና። እምቢልታ በር የመለከተኞቹና የእምቢልታ ነፊዎቹ፣ ባልደራስ በር የንጉሡን ፈረሶች የሚያዝዘው ሹም፣ አደናገር በር የፈታዮች፣ እልፍኝ በር ደግሞ ወደ ንጉሡ የግል ክፍል የሚያስገባው ነበር። ተዝካሮ በር ስሙን ያገኘው ከተዝካር፣ ማለትም ለሞተ ሰው ከሚደረገው መታሰቢያ ነው። በድንኳኑ ዘመን ማን ከፊት፣ ማን ከቀኝ፣ ማን ከግራ እንደሚሰፍር የተወሰነ እንደ ነበረና ፊታውራሪ፣ ቀኝ አዝማች፣ ግራ አዝማች የሚባሉት ማዕረጎችም ከዚያው አሰላለፍ እንደ መጡ ለሚያስታውስ አንባቢ፣ እያንዳንዱ ሰው በማዕረጉና በሥራው የራሱ መግቢያ ያለው መሆኑ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ሥርዓቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ሸራው በድንጋይ መተካቱ ነው። ከዋናው በር ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ጃን ተከል ሲባል፣ «ጃን» የንጉሥ መጠሪያ በመሆኑ «ንጉሥ የተከለው» የሚል ስሜት አለው፤ በስሙ የሚታወቀው ትልቅ ዋርካም ዛሬ ድረስ ለከተማው ሰው መገናኛና ማረፊያ ጥላ ነው።

በግቢው ውስጥ ትልቁና ቀዳሚው የዐፄ ፋሲል ግንብ ሲሆን፣ በአራቱ ማዕዘን ያሉት ክብ ማማዎች ጉልላታቸው የእንቁላል ቅርጽ ስላለው «እንቁላል ግንብ» የሚል ስምም ወጥቶለታል። ቀረብ ብሎ ለሚያየው፣ ግድግዳው ያልተጠረበ ጥቁር ድንጋይ በኖራ እየተያያዘ የተነሣ ነው፤ በበሮቹና በመስኮቶቹ ቅስት ዙሪያ ግን ግንበኛው ለመጥረብ የሚመቸውን ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አስገብቶ፣ ጥቁሩ ግድግዳ በቀይ ጠርዝ እንዲታይ አድርጓል። ኖራ ድንጋይን በእሳት አቃጥሎ፣ አልሞና ከአሸዋ ጋር ለውሶ የሚዘጋጅ ማያያዣ ነው። ከጣሪያው በላይ ከሚነሣው አራት ማዕዘን ማማ፣ ሰማዩ በጠራ ቀን የጣና ሐይቅ በደቡብ በኩል ይታያል።

ከፋሲል በኋላ ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ቤተ መጻሕፍት አሠሩ፤ ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ (1682–1706) ጣሪያው እንደ ኮርቻ የጎበጠ፣ ውስጡ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ ግንብ አቆሙ፤ ዐፄ ዳዊት የዘፈን አዳራሽ፣ ዐፄ በካፋ የግብር አዳራሽ፣ እቴጌ ምንትዋብም የራሳቸውን ግንብ ጨመሩ። የሥራው ጥበብ ከየት መጣ የሚለው ክርክር ረጅም ነው። በሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር የመጡ ባለሙያዎችን፣ የህንድ ግንበኞችንም የሚያነሡ ጸሐፊዎች አሉ። ይሁን እንጂ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን ካባረሩ በኋላ ግንባታው ለትውልዶች ሳይቋረጥ መቀጠሉ ሙያው በአገሩ ሰው እጅ መግባቱን ያስረዳል፤ በዚህም በግንበኝነትና በአናጢነት የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን ያላቸው ድርሻ ሲጎበኙ ከሚነገረው በላይ ሊነገር የሚገባው ነው።

ጎንደር «የአርባ አራቱ ታቦት አገር» የምትባል ከተማ ብትሆንም፣ በጥር ወር 1888 ደርቡሾች፣ ማለትም የሱዳን መሐዲስት ጦረኞች፣ ሲወርሯት አብያተ ክርስቲያናቷ በአብዛኛው ተቃጥለዋል። ከተረፉት መካከል ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ የመሠረቱት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይገኛል፤ የአገሩ ሰው እንደሚተርከው ወራሪዎቹ ወደ ቅጥሩ ሲጠጉ የንብ መንጋ ወጥቶ መልሷቸዋል። ቅጥሩ 12 ማማ ያለው ሲሆን የሐዋርያት ምሳሌ ነው ይባላል። ውስጡ ሲገባ ዓይን በራሱ ወደ ላይ ይሄዳል፦ የእንጨቱ ጣሪያ ከዳር እስከ ዳር በኪሩቤል ፊት ተሞልቷል፤ ክንፋቸው ከፊታቸው ግራና ቀኝ ይወጣል፣ ዓይናቸው ትልልቅና ጥቁር ነው፣ አንዱም ከሌላው ጋር ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዳንዱ ወደ ጎን፣ አንዳንዱ በቀጥታ ወደ ታች ያያል። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ውስጥ ይህን ያህል በጥቂት መስመር ብዙ የሚናገር ሥራ ማግኘት ያዳግታል።

ከተማዪቱ የትምህርትም መዲና ነበረች። በአታ ማርያም የአቋቋም ማስመስከሪያ ናት፤ አቋቋም ሊቃውንቱ መቋሚያ እየዘረጉ፣ ጸናጽልና ከበሮ እያስማሙ የሚያቀርቡት የዝማሬ ሥርዓት ነው። ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም አለ፤ ስሙ ቅድስት ድንግል ማርያም ልጇን ይዛ በስደት እንዳረፈችበት ከሚነገረው የግብፅ ቁስቋም የተወሰደ ነው። በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የፈንጣጣ ሕሙማንን ያከመው በዚሁ ግቢ ነበር።

የከተማው ሰፈሮችም ለጉብኝት የሚበቁ ናቸው። እጨጌ ቤት የመነኮሳቱ አለቃ የእጨጌው መቀመጫ ስለ ነበረ ጥፋተኛ የሚማጸንበት ቦታ ሆኖ ኖሯል። አዲስ ዓለም ደግሞ በ1668 የተካሄደው ጉባኤ ሃይማኖቶች በየሰፈራቸው ተለይተው እንዲኖሩ ከወሰነ በኋላ የሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈር ሆኖ የታወቀ ነው፤ የጎንደር ሀብት ከሱዳንና ከቀይ ባሕር ጋር በሚያገናኙት የንግድ መንገዶች ላይ የቆመ ስለ ነበረ፣ ያለ እነዚህ ነጋዴዎች ግንቦቹም ባልተሠሩ ነበር ማለት ይቻላል። በሰሜን መውጫ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤላውያን መንደር ነበረች፤ ነዋሪዎቿ እስከ 1991 ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ቢሄዱም፣ የሸክላ ሥራው በመንገዱ ዳር አሁንም ይሸጣል።

ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱና ሲኒማው የጣሊያን ወረራ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ጣሊያኖች በምሥራቅ አፍሪካ ለመጨረሻ ጊዜ የተሸነፉት በኅዳር 1941 በዚህችው ከተማ ሲሆን፣ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብ ከግቢው ግንቦች አንዳንዶቹን ጎድቷል። ተራራ ለመውጣት የሚሻ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ደባርቅ ሄዶ፣ ጭላዳና ዋሊያ ወዳሉበት ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግባት ይችላል።

በከተማው ውስጥ ሰፊ አየርና ጥላ የሚገኘው ግን በቀሃ ወንዝ አጠገብ ባለው፣ በፋሲል ስም በሚጠራው መዋኛ ወይም ጥምቀተ ባሕር ነው። በግንብ የተከበበ ሰፊ ገንዳ መካከል ባለ ሁለት ደርብ ትንሽ ግንብ ቆሟል፤ ወደ እርሱ የሚያደርሰው ቅስት ያለው ድልድይ ነው። በአጥሩ ላይ የበቀሉት ያረጁ ዛፎች ሥራቸውን በድንጋዩ ላይ እንደ ገመድ አፍስሰው፣ በአንዳንዱ ቦታ ግንቡን ሲሰነጥቁ በሌላው ቦታ ደግፈው ይዘውታል፤ ስለዚህ ዛፉን ቆርጦ ግንቡን ማዳን ቀላል አይደለም። ገንዳው የዓመቱን ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ ግን ውኃው ከቀሃ በቦይ ተጠልፎ ይሞላል፤ የዋዜማው ስም «ከተራ» የተባለውም «ከተረ»፣ ማለትም ውኃ ገደበ፣ ከሚለው ቃል ነው። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው በካህናቱ ዝማሬ እስከዚህ ይወርዳሉ፤ ሌሊቱንም በውኃው ዳር፣ በተተከለላቸው ድንኳን ውስጥ ያድራሉ።