በአዋሽ ዳር የሚነሣው የግጦሽ ጠብ የመርካቶን ንግድ እንዴት እንደሚጎዳ

በመርካቶ ሱቁን ከፍቶ የሚውል ነጋዴ፥ በሩቅ ቆላ ገበሬና ከብት አርቢ ስለ ግጦሽ ቢጣሉ ነገሩ የማይመለከተው ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ የዕቃውን መግቢያና መውጫ የመረመረ እንደ ሆነ፥ ጉዳቱ እስከ ደጁ የሚደርስ መሆኑን ይረዳዋል።

አስቀድሞ የጠቡን መነሻ ማወቅ ያስፈልጋል። የአፋር ከብት አርቢ በዝናቡ ወራት መንጋውን በሰፊው ሜዳ ያሰማራል፤ በበጋ ግን ውሃና ሣር የሚያገኘው በአዋሽ ዳር ነው። በ1954 ዓ. ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ፥ የወንዙ ዳር ለጥጥና ለሸንኮራ አገዳ እርሻ እየተከለለ ሄደ። በመተሐራም የከረዩ ኦሮሞዎች የበጋ ግጦሽ ለስኳር ፋብሪካው እርሻ ዋለ። ከዚህ ልማት ስኳር የሚሸጠው ባለሱቅና ጥጥ የሚፈትለው ፋብሪካ ተጠቅመዋል፤ ነገር ግን ለመንጋው በቂ ምትክ አልተገኘለትም። በ1965 እና በ1966 ዓ. ም. ድርቅ በደረሰ ጊዜ ብዙ ከብት አለቀ። ዛሬም ግጦሽ ያጣ ባለመንጋ ወደ ደጋው ግርጌ ሲወጣ፥ አዝመራውን ገና ካልሰበሰበ ገበሬ ጋር ይጋጫል።

ከአዋሽ ሜዳ ወደ ወሎ ደጋ በሚያወጣው መንገድ ላይ የምትገኘው የባቲ የሰኞ ገበያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። በዚያ ቆለኛው ግመል፥ ፍየልና ቅቤ፥ ደገኛው እህል ያመጣል። ሁለቱም በሸጡበት ገንዘብ ጨርቅ፥ ጫማና ሳሙና ይገዛሉ። ደም የፈሰሰ እንደ ሆነ ግን አንዱ ሌላውን ስለሚፈራ ገበያው ሳይሞቅ ይፈታል። ቆዳ ሰብሳቢው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ላኪው ውሉን ለመፈጸም ይቸገራል፤ በዱቤ ዕቃ የወሰደው የአገር ቤት ባለሱቅም ለመርካቶው ጅምላ ነጋዴ ዕዳውን መክፈል ይሳነዋል። በወረዳውም ግብር ይቀንሳል፤ ለትምህርት ቤትና ለውሃ ጉድጓድ የታሰበው ገንዘብ ለጸጥታ ጥበቃ ይውላል።

መድኃኒቱ ከሁለቱ አንዱን ማባረር አይደለም። መሬት ለእርሻ ሲከለል ለመንጋው እስከ ወንዙ የሚያደርስ መተላለፊያ መተው፥ ከብት ወደ ታጨደው ማሳ የሚገባበትን ቀንና ለጠፋ ሰብል የሚከፈለውን ካሣ የሁለቱ ወገን ሽማግሎች አስቀድመው እንዲቈርጡ ማድረግ ይገባል። ነጋዴውም በበኩሉ ዝናብ ባነሰበት ዓመት ዱቤውን ይመጥን፤ ደንበኞቹም ከሽማግሎቹ ጎን እንዲቆሙ ያሳስብ። ገበያው ለገበሬውም ለከብት አርቢውም የሚያስፈልግ ስለ ሆነ፥ ሰላሙን የሚሻ ሰው በሁለቱም ዘንድ አይታጣም።