ኑግ ዘር ይቆጥራል

መስከረም ሲገባደድ ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው በየማሳው የሚያየው ቢጫ ሁሉ አደይ አበባ አይደለም። ኑግም አለበት። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ስለሆኑ መልካቸው ይቀራረባል፤ ኑጉ ግን ተዘርቶ የበቀለ ነው፤ ዘይቱ ለሰው፣ ፋጉሎው ለከብት።

የኑግ አበባ ቀረብ ብለው ሲያዩት አንድ አበባ አይደለም። ዙሪያውን የከበቡት ስምንት ገደማ ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ሴቴ አበባ ናቸው። መሀል ላይ ከ40 እስከ 60 የሚደርሱ ጥቃቅን አበቦች ታጭቀዋል፤ እነዚህ ወንዴም ሴቴም ናቸው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ብናኛቸው ይፈታል። ቀትር ገደማ ሴቴው ዘንግ ያንኑ ብናኝ ተሸክሞ ከመሀል ብቅ ይላል፤ ማምሻውን ጫፉ ለሁለት ተሰንጥቆ ወደ ኋላ ይጠቀለላል። ከገዛ ብናኙ ጋር እንዲህ ተጠጋግቶ እየዋለ ራሱን በራሱ ለማራባት ምን ያግደዋል?

የሚያግደው አለ። ገና ያልፈነዳ እምቡጥ በስስ ጨርቅ ሸፍኖ ንብ እንዳይደርስበት ማድረግና መጠበቅ ነው። አበባው ረግፎ ሲፈለፈል የሚገኘው ባብዛኛው ገለባ ነው።

ሴቴው ጫፍ ላይ ያረፈ ብናኝ ሁሉ ይፈተሻል። ፍተሻው በደንብ የተጠናው በጎመን ቤተሰብ ውስጥ ነው፦ ብናኙ በልባሱ ላይ ከወላጅ ተክሉ የወረሰው ትንሽ ፕሮቲን አለ፤ ሴቴው ጫፍ ላይ ደግሞ ተቀባይ ፕሮቲን አለ። ሁለቱ ከገጠሙ ብናኙ የራስ ነውና ጫፉ ውሃ ይነፍገዋል። ብናኝ ደረቅ ነው፤ ውሃ ካልጠጣ ቱቦ አያበቅልም፣ ቱቦ ካላበቀለ እንቁላሉ ጋ አይደርስም። ባዳ ከሆነ ግን ይጠጣል፣ ያበቅላል፣ ይወርዳል። ኑግም የራሱን የሚመልሰው እዚያው ጫፉ ላይ ነው።

ክልከላው በራስ ብቻ አያበቃም። ሰባት ቤት ቆጥሮ ጋብቻ እንደሚከለክል ሽማግሌ፣ ኑግም መለያው የገጠመውን ወንድሙን ይመልሳል። ስለዚህ ዘሩ ከጥቂት እናት ተክሎች ብቻ ከተለቀመ፣ በማሳው ውስጥ የሚጋባው ባዳ ያንሳል። ለዘር የሚቀመጠው ኑግ ከብዙ ተክል ቢሰበሰብ የሚሻለው አንድም ለዚህ ነው።

ተረቱ ሰሊጥን ከኑግ ጋር አብሮ ቢወቅጠውም በዚህ ጠባይ አይገናኙም፤ ሰሊጥ ባብዛኛው ራሱን በራሱ ያራባል። የጫካው ቡናችንም እንዲሁ ሲሆን፣ ሮቡስታ የሚባለው ዘመዱ ግን የራሱን ብናኝ አይቀበልም። የጎጃም ጌታ ጤፍ ደግሞ ራሱን በራሱ በማራባት ወደር የለውም። አዳቃዮች ሁለት ጤፍ ማጋባት የቻሉት ታረቀ በርሄ በ1974 እ.ኤ.አ. የጤፍ አበባ በማለዳ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ከደረሰበት በኋላ ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው ቁንጮም የዚያ ማዳቀል ፍሬ ነው። ኑግ ላይ ችግሩ ተገልብጦ ይመጣል። ማጋባቱን ንብ ትጨርሰዋለች፤ ፈተናው ንጹሕ መሥመር ማውጣት ነው፤ ጎን ለጎን የተዘሩ ሁለት ዝርያዎች ይደባለቃሉ።

ሙላቱ ገለታ በስዊድን ግብርና ዩኒቨርሲቲ ከባልደረባው ጋር ሠርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የገዛ ብናኛቸውን የሚቀበሉ ኑጎች መርጦ አውጥቷል። ለአዳቃይ ትልቅ ነገር ነው። ማሳ ላይ ያለው ኑግ ግን እስካሁን ባዳ ፈላጊ ነው፤ ባዳውን የምታመጣለትም በዋናነት ንብ ናት። ለዚህ ነው በአበባ ሰዓት፣ ያውም በቀን፣ ፀረ ተባይ መርጨት ለእኔ እጥፍ ኪሳራ የሚሆንብኝ፦ ቀፎው ማር ያጣል፣ አውድማው ላይ ደግሞ ገለባው ይበዛል። መርጨት ግድ ከሆነ ንቦች ቀፏቸው ከገቡ በኋላ፣ ምሽት ላይ ይሁን፤ ቀፎ ያለው ጎረቤትም አስቀድሞ ይወቅ።