«ትራስ»፥ «መከዳ»፥ «ስፖንጅ»፦ የጀልባ መቀመጫ ቃላት አጭር ማብራሪያ

የሙያ ቃላትን በአማርኛ መተካት ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ቃል በመጥፋቱ ሳይሆን፥ አንድ ቃል ብዙ ነገሮችን ደርቦ በመያዙ ነው። የጀልባ መቀመጫን ስለ ማደስ የተጻፉ መመሪያዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ይኸው ችግር ይታያል። ጉዳዩም የባሕር ጠረፍ አገሮች ብቻ አይደለም። ከአርባ ምንጭ ከተማ አጠገብ፥ በጫሞ ሐይቅ ላይ፥ ጎብኚዎችን «አዞ ገበያ» ወደሚባለው ስፍራ የሚያደርሱ ባለሞተር ጀልባዎች ይመላለሳሉ። ስለዚህ ቃላቱን ከሥራው ጋር እያገናዘብን ለማብራራት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ የሚቀመጡበትን ነገር ምን እንበለው? «ትራስ» ከግእዙ «ትርኣስ» የመጣ ሲሆን ሥሩ «ርእስ» ነው፤ «መከዳ» ደግሞ ከዐረብኛው «ሚኸዳ» ጋር ይዛመዳል፤ የዚያም መነሻ «ኸድ»፥ ማለትም ጉንጭ ነው። እንግዲህ ሁለቱም በመነሻቸው የራስ ማሳረፊያ ስሞች ናቸው። ይሁን እንጂ ፍችን የሚወስነው አመጣጥ ብቻ ሳይሆን ልማድም ነው። ትራስ ዛሬም ከራስጌ ብዙ አልራቀም፤ መከዳ ግን ለመደገፊያም ለመቀመጫም ስለሚውል «የመቀመጫ መከዳ» የሚለውን እንመርጣለን።

ሁለተኛው ችግር በግሡ ላይ ነው። «መከዳውን መለወጥ» የሚል መመሪያ የሚለወጠው ጨርቁ ይሁን ውስጡ አይለይም። ባለሙያዎች «ሶፋ ማልበስ» ስለሚሉ ቋንቋው ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው። ስለሆነም ጨርቁ ብቻ ሲታደስ «ማልበስ»፥ ጨርቁም «ልባስ» ይባል። የዶርዜ ሸማኔ የሚሠራው የጥጥ ሸማ ለቤት መከዳ መልካም ልባስ ነው፤ በጀልባ ላይ ግን ጥጥ እርጥበት ይዞ ስለሚሻግት ውኃ የሚቋቋም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይመረጣል። «ሸራ ልባስ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ግን ይጠንቀቅ፤ ሸራ ወፍራሙን ጨርቅም፥ ነፋስ የሚነዳውን የጀልባ ሸራም ይጠራልና።

ከሁሉ የሚከፋው የ«ስፖንጅ» ነገር ነው። ይህ ቃል በጠባያቸው ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ነገሮችን ይሸፍናል። በአንደኛው ውስጥ ያሉት የአየር ኪሶች እርስ በርስ የተከፈቱ ስለሆኑ ውኃ ይመጣል፤ ለመቀመጥ ይመቻል፥ ሲርስ ግን ይከብዳል። በሁለተኛው ኪሶቹ ለየብቻቸው የተዘጉ ስለሆኑ ውኃ እምብዛም አያስገባም፤ ስለዚህም ይንሳፈፋል። የመንሳፈፊያ ሰደርያ የሚሞላው በዚህ ዓይነቱ ነው። ተርጓሚ ሁለቱንም «ስፖንጅ» ብሎ ቢያልፍ፥ አንባቢ ማንኛውም መከዳ በውኃ ላይ ያነሣኛል ብሎ ሊያምን ይችላል። አዞና ጉማሬ በሚኖሩበት ሐይቅ ይህ የቃላት ምርጫ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

«ሕዋስ» የሚለው ቃል በሥነ ሕይወት ስለተያዘ፥ በዚህ ቦታ «ኪስ» የሚለውን መርጠን የሚከተሉትን እናቀርባለን፦

1. የመቀመጫ መከዳ፦ ስፖንጁና ልባሱ በአንድነት።
2. ልባስ፦ ስፖንጁን የሚሸፍነው ጨርቅ ወይም ቆዳ።
3. ማልበስ፦ ስፖንጁን ሳይነኩ ልባሱን ማደስ።
4. መተካት፦ መከዳውን ከነልባሱ በአዲስ መለወጥ።
5. ባለክፍት ኪስ ስፖንጅ፦ ውኃ የሚመጥ።
6. ባለዝግ ኪስ ስፖንጅ፦ ውኃ የማይመጥና የሚንሳፈፍ።

በተለይ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት ተርጓሚዎች፥ ስለ ረዘሙ ብቻ፥ እንዳያሳጥሯቸው እናሳስባለን።