ቅዳሜና እሑድ በቦንጋ፦ ከምደባ ወደ ሽርሽር

ለከፋ እንግዳ ብርቁ አይደለም፤ አዲሱ ነገር እንግዳው የሚመጣበት ጉዳይ ነው። ወደ ዋና ከተማው ወደ ቦንጋ የሚዘልቅ ሰው ለረጅም ዘመን ወይ ተልኮ፣ ወይ ተመድቦ፣ ወይ ሊነግድ፣ ወይ ሊያጠና ነበር የሚመጣው። «ሁለት ቀን ዕረፍት አለን፤ እስቲ ያላየነውን አገር እንይ» ተባብሎ ከጓደኞቹ ጋር የሚነሳ ወጣት የበረከተው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው።

በከፋ ነገሥታት ዘመን ማንም እንደ ልቡ ወደ አገሩ መግባት አይችልም ነበር። ድንበሩ በጉድባ ተከቦ፣ መግቢያው በኬላ ይጠበቃል። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 ቦንጋ የደረሰው ከመልእክተኞች ጋር ተጠግቶ ነው። ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1859 ገብቶ በ1861 ተባረረ። እ.ኤ.አ. በ1897 የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ ኬላው ሲፈርስ ደግሞ አጥኚዎች መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1905 ከፋን የረገጠው የቪየናው ፍሪድሪክ ቢበር ስለ ሕዝቡ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ጽፏል። ከነዚህ ሁሉ ለመዝናናት ብሎ የመጣ አንድም የለም።

ወጣቶች በቡድን ሆነው የማያውቁትን ገጠር እንዲያዩ ያደረገው ትልቁ አጋጣሚ የ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ነው። 60 ሺህ የሚደርሱ ተማሪዎችና መምህራን በየክፍለ ሀገሩ ተበተኑ። ያኔ ከፋ ክፍለ ሀገር ሲባል ዋና ከተማው ጅማ ነበር፤ ቦንጋ ገና ወደ ውስጥ የሚኬድባት አገር ነበረች። ከዘመቻው በኋላ ተራው የምደባ ሆነ። አስተማሪው፣ ነርሱ፣ የግብርና ባለሙያው ደብዳቤውን ይዞ ይመጣል፤ ቅዳሜ ሲደርስ ሐሳቡ ያለው ጫካው ላይ ሳይሆን የዝውውር ማመልከቻው ላይ ነው። ከጅማ ወዲያ ያለው መንገድ ጠጠር በነበረበት ጊዜ ይህ የሚገርም አልነበረም።

አስተሳሰቡን መለወጥ የጀመረው ደኑ ስም ሲያገኝ ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የከፋን ደን ከያዩ ደን ጋር በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ሪዘርቭ መዝገብ አሰፈረ፤ ለአገራችን የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። የከፋው ስፋቱ 760 ሺህ ሄክታር ገደማ ነው። ሰው እጁን የማይሰድበት ዋና ክልል፣ ቡናና ማር ያለ ጥፋት የሚሰበሰብበት ዙሪያ፣ ገበሬው የሚኖርበትና የሚያርስበት መሬት ተብሎ ተከፍሏል። ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በደን እንክብካቤውና በቱሪዝም ሥራው ገባበት። እ.ኤ.አ. በ2012 በዚህ ዝናባማ ደን ውስጥ የተነሣው የአንበሳ ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። በሚሊኒየሙ መሠረቱ የተጣለው ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም ለቦንጋ መለያዋ ሆነ። በዚህ ምዕራፍ አብዛኛው ጎብኚ የውጭ ሰው ነበር፤ ወፍ ተመልካች፣ ቡና ቆዪ፣ ተመራማሪ።

ያገሩ ልጅ ተራ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የእግር ጉዞ ቡድኖች በፌስቡክና በቴሌግራም እየተጠራሩ በየሳምንቱ መውጣት ለመዱ። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር የአክሱም፣ ሲስፋፋም የላሊበላ መንገድ ተዘጋና የብዙ ተጓዥ ዓይን ወደ ደቡብና ምዕራብ ዞረ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ላይ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆነች፤ ስብሰባው ሆቴሉን ሞላው። ከዚያ ቀደም ብሎ የተከፈተው ቦንጋ ዩኒቨርሲቲም ከየማዕዘኑ ወጣት አመጣ። ገበታ ለሀገር የተባለው የቱሪዝም ልማት መርሐ ግብር ደግሞ የከፋን ጎረቤቶች ኮንታንና ዳውሮን በኮይሻ ፕሮጀክት አስተዋወቀ።

ዛሬ ቦንጋን በደንብ የሚያያት ማን ነው ቢባል፣ መልሱ እዚያው የሚኖረው እንግዳ ነው። ተመድቦ የመጣው ሐኪምና የባንክ ሠራተኛ፣ ተማሪው። ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ወጥቶ ኮረሪማና ማር ይገዛል፤ ከሰዓት ውሽውሽ ሄዶ የሻይ ማሳው መሐል ፎቶ ይነሣል፤ እሑድ ባርታ ፏፏቴ ወይም የእግዜር ድልድይ ይሄዳል። ቀድሞ ዝውውር የሚጠየቅበት ቅዳሜ አሁን መዋጮ የሚሰበሰብበት ሆኗል።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው ግን ገና ሒሳቡን አላስተካከለም። መንገዱ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወልቂጤ አድርጎ ጊቤን ተሻግሮ ጅማ፣ ከዚያም ሸቤን አልፎ ጎጀብ ወንዝ ሲደርስ ነው ከፋ የሚጀምረው። ቅዳሜ ተነሥቶ እሑድ ማታ ለመመለስ የሚደረግ ጉዞ የመኪና ወንበር ጉብኝት ከመሆን አያልፍም። የቡና እናት የሚባለው ዛፍ ያለበትን የማንኪራን ጫካ ለማየት ከከተማ ወጥቶ በእግር መሄድ አለ፤ ያ ብቻውን ቀን ይበላል።

ክረምቱም የራሱ ጠባይ አለው። ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ጓደኛ ለማሰባሰብ የሚመቸው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ከፋ ደግሞ ያን ጊዜ ዶፍ ያወርዳል። ጫካው ውስጥ ዝናቡ ካቆመ በኋላ እንኳ ቅጠሉ ማንጠባጠቡን አይተውም፤ ሐረጉ ይረጥባል፣ መሬቱ ያንሸራትታል፣ የቡናው ፍሬ ገና አረንጓዴ ነው፤ ጉሬዛው ከላይ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ሲዘል ቅጠሉ ያጠራቀመው ውኃ ሥር በቆመው ሰው ላይ ይራገፋል። ነጭ ስኒከር አድርጎ የመጣ ወጣት ግማሽ ሰዓት ሳይሄድ ቦት ጫማ መጠየቁ አይቀርም። በዚያው ልክ ፏፏቴው የሚሞላው፣ የሻይ ማሳው የሚያምረው በክረምት ነው። ጭቃ የማይወድ መስከረምን ይጠብቅ፤ የከፋ ዘመን መለወጫ ማሽቃሮ ያን ጊዜ ነው። ቀይ ቡና ሲለቀም ማየት የፈለገ ደግሞ ጥቅምትና ኅዳርን ይምረጥ።

ከኬላ ወደ ዘመቻ፣ ከዘመቻ ወደ ምደባ፣ ከምደባ ወደ ሽርሽር የመጣው ጉዞ መልካም ነው። ጎደሎው እንግዳው ከሚያየው ደን ጠባቂው ገበሬ የሚያገኘው ጥቂት መሆኑ ነው። አውቶቡስ ከነምግቡ፣ ከነአስጎብኚው ከአዲስ አበባ ተጭኖ መጥቶ ሲመለስ ለመንደሩ የሚተርፈው የውኃ ላስቲክ ነው። ስለዚህ ጉዞ አዘጋጆች ቢያንስ ሁለት አዳር ያስቡ፤ በዓል ከቅዳሜና እሑድ ጋር የሚገጥምበትን ሳምንት ይምረጡ። ተጓዡም የአካባቢውን ልጅ መሪ አድርጎ ይቅጠር፣ ቆጮውንና ቡናውን እዚያው ይቅመስ፣ ማሩን ከገበያው ይግዛ፤ የጫካ ቡና ችግኝ ግን ነቅሎ አይውሰድ።